በጤና ኬላው በር ላይ የታሰረ ቅጠል

እማማ ሩፊና ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በየማለዳው ተነሥተው ፊታቸውን በባሕር ውሃ ይታጠባሉ፤ ለአሳማቸው የተቀቀለ ስኳር ድንችና የተፋቀ ኮኮናት ይሰጣሉ፤ ከዚያ መጥረጊያቸውን ይዘው የጤና ኬላውን ግቢ ይጠርጋሉ። ጤና ኬላው ዝግ ነው። ጠርገው ሲጨርሱ ደረጃው ላይ አረፍ ብለው እንደ ጫት የምታነቃዋን አንዲት ፍሬ ቡአይ ከኖራ ጋር ያኝካሉ፤ ቀዩን ምራቅ ከአጥሩ ውጭ ይተፋሉ፤ ወደ እርሻቸው ይወርዳሉ። ጎደሬ ይተክላሉ፣ ጎደሬ ይነቅላሉ፣ ጎደሬ ለሰው ያበስላሉ፤ እሳቸው ግን አይቀምሱም። ወንድማቸው ጎትፍሪድ ካረፈ ወዲህ፣ የሙት ድግሱ እስኪወጣለት ድረስ፣ አፋቸውን ከጎደሬ ከልክለዋል። አሳማውም የሚቀለበው ለዚያው ድግስ ነው።

በጤና ኬላው በር ላይ አንድ የደረቀ ቅጠል ታስሯል። ጎርጎር ነው። ከኮረሪማ የሚዛመድ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ በመንደራችን በፓናሙር ጫካ ሁሉ የሚበቅል ተራ ተክል ነው፤ ማንም ልጅ ነቅሎ ይጫወትበታል። በር ላይ ሲታሰር ግን ተራነቱ ይቀራል። ያሰረው ሰው «ተበድያለሁ» ብሏል ማለት ነው፤ በዳዩ አሳማና ሚስ የምንለውን የዛጎል ዶቃ ይዞ መጥቶ፣ ቅጠሉ በአሳሪው እጅ እስኪፈታ ድረስ ያን በር የሚያልፍ ሰው የለም። ይህን ጎርጎር ያሰሩት እማማ ሩፊና ራሳቸው ናቸው።

በእኛ ደሴት መሬት የሚወረሰው በእናት በኩል ነው። የባሕር ንስር ወገን ታላቅ ሴት እማማ ሩፊና ስለሆኑ፣ ለጤና ኬላው ቦታ በተፈለገ ጊዜ የተለመኑት እሳቸው ነበሩ። ያኔ የዘንባባ ዘይት የሚያመርተው ኩባንያ ቤቱን ሊሠራ፣ የፀሐይ መብራቱን ሊተክል፣ ጀልባና ሞተር ሊያቀርብ፤ መንግሥት ደግሞ ነርስ ሊመድብና መድኃኒት ሊልክ ተስማምተው ነበር። ስምምነቱ የመንግሥትና የግል ዘርፍ አጋርነት ይባላል። ይህን ስም እንግሊዝኛ የተማርኩት እኔ ተርጉሜ ስነግራቸው እማማ ሩፊና ጥቂት አስበው በራሳቸው ቃል አረሙኝ።

«ጋብቻ ነዋ» አሉኝ። «አንደኛው ወገን ጎጆ ይቀልሳል፣ ሌላኛው ሙሽራ ያመጣል። መሬቱን የሰጠሁ እኔ ደግሞ የሙሽራዋ እናት ነኝ።»

አሳማ ታረደ፤ በጋለ ድንጋይ ተቀብሮ በሰለ፤ የሁለቱም ወገን ሹማምንት ከአንድ ቅጠል ላይ አብረው በሉ። ከኩባንያው የመጣው ሰው ጮማውን በጣቱ ወደ ጎን ሲገፋ እማማ ሩፊና አይተው እንዳላዩ ሆኑ። በግድግዳው ላይ ሁለት ሰሌዳዎች ተሰቀሉ፤ አንዱ የኩባንያው፣ አንዱ የመንግሥት። አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ ሰቃዮቹ በገመድ ለክተዋቸዋል።

የተመደበችው ነርስ ሲስተር ዶርካስ ነበረች። ከዋናው ምድር ተራራ የመጣች፣ ጉልበቷ የጠና፣ ባሕር ግን አጥብቃ የምትፈራ ሴት ናት። የመንደሩ ሴቶች በዚህ ፍርሃቷ ስንቱን ቀን ሥቀዋል።

«ሲስተር፣ ባሕሩ እኮ አይናከስም» ይሏታል።

«ካልተናከሰ ታዲያ ለምን አፉ አረፋ ይደፍቃል?» ትላቸዋለች።

የእማማ ሩፊና ልጅ ቲልዳ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ደሟ አልቆም አለ። ያን ቀን ዶርካስ ጀልባው ውስጥ ተንበርክካ፣ ዓይኖቿን ጨፍና፣ ሁለት እጆቿን የቲልዳ ሆድ ላይ ተክላ እስከ ከተማው ሆስፒታል ድረስ አልነሣቻቸውም። ሲደርሱ ቲልዳን ከጀልባው ያወረዷት ሰዎች ነርሷንም ደግፈው ማውረድ ግድ ሆነባቸው። ቲልዳ ተረፈች። ከዚያ ወዲህ እማማ ሩፊና የጤና ኬላውን ግቢ እንደ ራሳቸው ደጅ መጥረግ ጀመሩ።

ከዚያ የጀልባው ሞተር ተበላሸ። ኩባንያው «ጀልባውን አቅርበናል፤ ማስጠገን የዕለት ተዕለት ሥራ ስለሆነ የመንግሥት ድርሻ ነው» አለ። መንግሥት «ንብረቱ የኩባንያው ስለሆነ በሰው ንብረት ላይ ወጪ ማውጣት አንችልም» አለ። መድኃኒቱ ወደብ ድረስ መጥቶ በዚያው ቀረ፤ እስከ ወደብ ማድረስ የአንዱ፣ ከወደብ ወዲህ ማመላለስ የሌላው ነበርና። የፍሪጁ ባትሪ ሲሞት ባትሪው «መሣሪያ» ይሁን «አላቂ ዕቃ» የሚወስን ሰው ጠፋ። እያንዳንዱን መልስ ለብቻው የሰማው ሰው ስሕተት አያገኝበትም። ዶርካስ በቀራት ፋሻና በትኩሳት ማስታገሻ ክኒን መንደሩን ስታስታምም ከረመች።

በዚህ መካከል ቲልዳ ሁለተኛ ፀነሰች። ዶርካስ እማማ ሩፊናን ደረጃው ላይ አገኘቻቸው።

«እማማ፣ ቲልዳ ይህን ልጅ ቤት ውስጥ አትወልድም። እዚህ ትወልዳለች፤ እኔ አለሁላት። ግን ደም የሚያቆመው መርፌ አልቋል። ቢመጣም ፍሪጁ ቆሟል። ጀልባውም ይኸው፣ ዶሮ ትፈለፍልበታለች።»

«ማንን ልጠይቅልሽ?»

«እኔ ሁለቱንም ጠይቄያለሁ።»

«ምን አሉሽ?»

«ሁለቱም አመሰገኑኝ።»

እማማ ሩፊና የእናታቸውን ሥራ አስታወሱ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ፣ አንድ የእንጨት ነጋዴ ትራክተር የወገኑን መቃብር ሲያርስ፣ አሮጊቷ በትራክተሩ ምላጭ ላይ ጎርጎር አስረው ነበር። ቅጠሉ ሳይጠወልግ ነጋዴው ሁለት አሳማ ጭኖ መጣ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀ። ሩፊና ያን ጊዜ ልጃገረድ ነበሩ። የበደለ ሰው ጎርጎር ሲያይ እንደሚመጣ በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ ለምለም ጎርጎር በጤና ኬላው በር እጀታ ላይ አስረው እናታቸው በትራክተሩ ላይ ያሉትን ቃል ምንም ሳያጎድሉ አሉ፦

«ይህ ይታሰር። የዚህ ሥራ ይታሰር። የሠራው እጅ፣ የሚሠራበት እጅ፣ አሳማ እስኪመጣ ይታሰር።»

ሕዝቡ ሰማ። ቃሉ የቆየ ነው፤ ቃል በቃል የሚመረምረው ሰው አልነበረም። ከሕዝቡ ኋላ የቆመችው ዶርካስ ግን የበሩን ቁልፍ በእጇ እንደያዘች ቀረች።

«እማማ፣ እኔንም እኮ አሰሩኝ።»

«አንቺን አይደለም የኔ ልጅ፤ ባለቤቶቹን ነው።»

«ባለቤቶቹ ከተማ ናቸው። እዚህ ቤት የሚሠራበት እጅ የኔ ነው።»

የተባለ ቃል ተብሏል፤ አሳማ ሳይመጣ ወደ አፍ አይመለስም። ዶርካስ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ሲላሌ፣ ወደ ሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ሄዳ ተጠጋች። ሲላሌ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ በእግር ይደረሳል። እማማ ሩፊናም ራሳቸውን አጽናኑ። «ግድ የለም፤ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ይመጣሉ» አሉ።

ቅጠሉ ጠወለገ። ቢጫ ሆነ፣ ቡናማ ሆነ፣ ነፋስ ሲመታው እንደ ወረቀት መንሿሿት ጀመረ። የመጣ የለም።

የመጣውስ አሎይስ ነው። አሎይስ የእርግብ ወገን ሽማግሌ ነው፤ የጤና ኬላው መሬት ጥንት የእናቱ ወገን እንደነበር ሲናገር አርጅቷል። አንድ ማለዳ እማማ ሩፊና ሲጠርጉ ከአጥሩ ወዲያ ቆመ።

«አንቺ ሩፊና፣ ቅጠልሽ እኮ ደረቀ። ፈትተሽ ለምን አትጠርጊበትም?»

«ና አንተ ፍታውና ምላስህን ጥረግበት።»

አሎይስ ሣቀ፤ ነገር ግን ከአጥሩ ሁለት እርምጃ ራቀ። «እኔ አልነካውም። አንቺ የነካሽው ቀን ግን ጥሪኝ፤ መጥቼ አያለሁ። ባለመሬት የሆነ ሰው የራሱን ጎርጎር ባዶ እጁን አይፈታም። የሚፈታው መሬቱ የሱ ያልሆነ ነው። ልጆችሽ የት እንደሚተክሉ ከወዲሁ ፈልጊላቸው።»

እውነቱን ነበር የተናገረው፤ ሕጉ እንዲያ ነው። ከዚህ የሚብስ ሌላ ሕግም አለ። ያለ አሳማ የተፈታ ጎርጎር ወዳሰረው ሰው ቤት ይሄዳል ይባላል፤ በቤቱም ውስጥ ከሁሉ የሚያንሰውን ደም ይፈልጋል። በእማማ ሩፊና ቤት ከሁሉ የሚያንሰው ደም በቲልዳ ሆድ ውስጥ ነበር።

ዝናቡ ሳይገባ እማማ ሩፊና ከተማ ወጡ፤ እንግሊዝኛውን የማስተረጉምላቸው እኔ ስለሆንኩ አብሬያቸው ሄድኩ። የዘንባባ ፍሬ የጫነ መኪና ላይ ተሳፍረን ደረስን። በጤና ቢሮው የተቀበሉን ሚስተር ጊዲዮን ትሑት ሰው ናቸው፤ ወንበራቸውን ለቀው አስቀመጧቸው፣ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጡላቸው።

«እማማ፣ የእርስዎን ጉዳይ በሚገባ እናውቀዋለን» አሉ። ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አድርገው፣ የኩባንያውን የማኅበረሰብ ጉዳይ ኃላፊ ጠሩ። ሴት ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ ልጆቻቸው ጤና ተጠያየቁ። ከዚያ ስለ ፓናሙር ተነሣ።

«ስምምነታችን ግልጽ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ባለመሬቱ ተቋሙን ከዘጋ፣ በተዘጋበት ጊዜ ሁሉ የሁለቱም ወገን ግዴታ ይቆማል።»

«ልክ ነው፤ እኛም የተረዳነው እንደዚያው ነው» አሉ ሚስተር ጊዲዮን።

ተረጎምኩላቸው። እማማ ሩፊና ስልኩን አዩት።

«ማን ነው የዘጋው?»

«እርስዎ ነዎት፣ እማማ» አሉ ሚስተር ጊዲዮን በአክብሮት።

«ሞተሩ የሞተው እኔ ሳልዘጋ አይደለም ወይ? መድኃኒቱስ ወደብ የቀረው?»

«እሱ ያኔ በውይይት ላይ ነበር። አሁን ግን ተቋሙ ዝግ ስለሆነ ውይይቱም ቆሟል።»

«እንግዲያው አሳማ ይዛችሁ ኑና እከፍታለሁ።»

«በበጀታችን ውስጥ አሳማ የሚባል መደብ የለም» አለች ሴትዮዋ። ማሾፍ የለበትም ነገሩ፤ ከልቧ ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስል ነበር።

«በእኛም የለም» አሉ ሚስተር ጊዲዮን። «መጀመሪያ ይፍቱልን፤ ከዚያ እንመጣለን።»

«መጀመሪያ ኑ፤ ከዚያ እፈታለሁ።»

ተረጎምኩ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ «አንችልም» አሉ። ከስምምነቱ ጀምሮ አጋሮቹ በአንድ አፍ ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሚስተር ጊዲዮን እስከ በሩ ሸኙን፤ ለቲልዳም መልካም ምኞታቸውን ላኩ።

ስንመለስ እማማ ሩፊና በመኪናው ላይ፣ በፍሬው ክምር መካከል፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠው ነበር። መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ ጠየቁኝ።

«ያ ቆመ ያሉት ምናቸው ነበር?»

«ግዴታቸው።»

«እኔ እኮ ያሰርኩት እንዲንቀሳቀሱ ነበር» አሉ።

ዝናቡ በገባ ሰሞን ወንዙ የግንድ ድልድዩን ይዞት ሄደ። ባሕሩም በሰሜን ምዕራብ ነፋስ ይናወጥ ጀመር፤ በዚህ ወቅት በቀዘፋ ከተማ የሚደርስ ጀልባ የለም። ስለዚህ ከወንዙ ወዲህ፣ ከባሕሩ ወዲህ ያለች የጤና ባለሙያ ዶርካስ ብቻ ሆነች፤ እሷም እጇ የታሰረ ናት።

በዚህ ሳምንት ሰኞ ዕለት ቲልዳ እግሮቿ አብጠው፣ ራሷን ይዟት፣ ምንጣፍ ላይ ተጋደመች። ባሏ ኖርበርት ወደ ሲላሌ ገሠገሠ። ኖርበርት ከሌላ ደሴት የመጣ፣ የኩባንያው የዘንባባ ፍሬ ቆራጭ ነው። በእኛ ባህል አማች የአማቱን ስም አይጠራም፤ ፊቷን አያይም፤ ፊት ለፊቷ አይቆምም። ስለዚህ እሱ የሚለውን ለቤቱ ምሰሶ ይናገራል፤ እሳቸውም መልሱን ለድስታቸው ይነግራሉ። ብዙ ዓመት በምሰሶና በድስት አማላጅነት በሰላም ኖረዋል።

ማክሰኞ ተመልሶ መጣና ምሰሶውን ተደግፎ ቆመ።

«አንተ ምሰሶ፣ ሲስተር ዶርካስን አገኘኋት። መምጣት እፈልጋለሁ ብላለች። ግን በታሰረ እጅ ያችን ልጅ ብነካት ለሕፃኑ እፈራለሁ ብላለች። ቢሮውም ክርክሩ እስኪፈታ ፓናሙር ላይ እንዳትሠሪ ብሏታል።»

እማማ ሩፊና ድስታቸውን አማሰሉ። «ድስቴ፣ በነሱ ተራራ ጎርጎር የለም አይደል ወይ? የሌላቸውን ነገር ምን አስፈራት ብለሽ ጠይቂልኝ።»

«ምሰሶ፣ እዚህ ከኛ ጋር የኖረችውን ያህል እኛው አይደለን እንዴ ስናስፈራራት የከረምነው? በልልኝ።»

ቲልዳ ከምንጣፏ ላይ ቀና አለች። «እኔ እዚህ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው፤ እናንተ በምሰሶና በድስት ትሟገታላችሁ። እማ፣ ዝም ብለሽ ፍቺውና ትምጣልኝ።»

«ብፈታው ባንቺ ላይ ነው የሚመጣው፣ ልጄ።»

«ባትፈቺውስ?»

እማማ ሩፊና ማማሰያውን አስቀመጡት። ዝናቡ ጣራውን ይመታ ነበር። የልጃቸውን እግር አንሥተው ጭናቸው ላይ አሳረፉ፤ ያበጠውን በኮኮናት ዘይት እያሹ ቆዩ። የጣታቸው ምልክት በቁርጭምጭሚቷ ላይ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ይቀር ነበር።

ረቡዕ ጠዋት እንደ ወትሮው ግቢውን ጠረጉ። በእርጥብ መሬት ላይ የሚጠረግ ነገር ባይኖርም ጠረጉ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ቡአያቸውን አላኘኩም፤ ቅጠሉን ሲያዩ ቆዩ። እኔ ሳልፍ ጠሩኝ።

«አንቺ ከእኛ ሁሉ የተማርሽ ነሽ። አሳማ እስኪመጣ ነው ያልኩት፤ የማን አሳማ ብያለሁ?»

«አላሉም፣ እማማ።»

«አላልኩም» አሉ።

«ግን ሕጉ የበዳይ አሳማ አይደለም ወይ?»

«ነው» አሉ። «ነው እንጂ። ይሁን እንጂ በዳይ ካልመጣ የሚመጣ ይኑር።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጎርጎሩ ይቀበል አይቀበል እኔም አላውቅም። እናቴ አልነገረችኝም። በእናቴ ጊዜ በዳይ ይመጣ ነበር» አሉ።

ተነሥተው ወደ ቤት ሄዱ። ኖርበርት ቢላዋውን ይስል ነበር፤ ሲመጡ እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ምሰሶው አዞረ። እማማ ሩፊና ወደ ድስታቸው አልሄዱም። በመካከል ቆመው፣ ልጃቸውን ካገባ ጀምሮ ከአፋቸው ያልወጣውን ስም ጠሩ።

«ኖርበርት።»

ቢላዋው ከእጁ ወደቀ። ትከሻውን ሰብስቦ ምሰሶውን አቀፈው።

«የኩባንያው ሸሚዝህ ታጥቧል?»

«ምሰሶ» አለ ኖርበርት በቀጠነ ድምፅ፤ «አልታጠበም በልልኝ።»

«ይታጠብ። ቅዳሜ እሱን ለብሰህ የጎትፍሪድን አሳማ ጎትተህ ወደ ጤና ኬላው ታመጣልኛለህ። ፊቴ ትቆማለህ። ‹ከኩባንያው ነው የመጣሁት፤ በድለናል› ትላለህ።»

«ምሰሶ፣ ፊቷ እንዴት እቆማለሁ? ኃፍረት አይደለም ወይ? ፊቷን አይቼ አላውቅም በላት።»

«ኩባንያውም አይቷት አያውቅም» አለች ቲልዳ ከምንጣፏ። «አትጨነቅ፤ ልክ እሱን ነው የምትመስለው።» ልትሥቅ ፈልጋ ራሷን ያዘች። እናቷም አልሣቁም።

ሐሙስ ዕለት እማማ ሩፊና ወደ አሎይስ ቤት ሄዱ። አሎይስ በረንዳው ላይ መረብ ይጠግን ነበር።

«ቅዳሜ አሳማ ይመጣል» አሉት።

«ከማን?»

«ከኩባንያው። ኖርበርት ነው የሚያመጣው።»

አሎይስ መርፌውን አቆመ። «ከኩባንያው ነው ከጎትፍሪድ?»

«አሳማ ነው።»

«የወንድምሽን ድግስ ልትበይው ነው?»

«ጎትፍሪድ ይታገሠኛል። ሙት ትዕግሥት አያጣም። የመጣሁት ለሌላ ነው። በዳዮቹ ሁለት ናቸው፤ መንግሥትን የሚሆን ሰው አጣሁ። አንተ ሁንልኝ። አንዲት ክር ሚስ ይዘህ በሩ ላይ ታቀብለኛለህ፣ ሌላ ምንም አልልህም። ሚሱም የኔው ነው፣ እሰጥሃለሁ።»

አሎይስ ሣቀ፤ የቡአዩ ምራቅ በጢሙ ላይ እስኪወርድ ድረስ ሣቀ። ሲያበቃ ግን ዓይኑ አልሣቀም። «እዚያ በር ላይ ለአንቺ ሚስ ካቀበልኩ፣ መሬቱ ያንቺ ነው ብያለሁ ማለት ነው።»

«አዎ።»

«አልመጣም።»

«እንግዲያውስ መንግሥትን ሆንከው» አሉ እማማ ሩፊና፤ ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡ።

በዚያው ቀን እኔ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጥቼ ለሚስተር ጊዲዮን ደወልኩ። ቅዳሜ ጎርጎሩ እንደሚፈታ ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ማኅበረሰቡ ችግሩን በራሱ አቅም መፍታቱን በሪፖርታቸው እንደሚያስገቡት ነገሩኝ። ደም የሚያቆመውን መርፌ ጠየቅኋቸው። ድልድዩ ሲሠራ ይላካል አሉኝ። ድልድዩን የሚሠራው ማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እሱም በአጋርነት ነው» አሉ።

ይህን ለእማማ ሩፊና ስነግራቸው ጎደሬ ይልጡ ነበር። ለነገ ለጎረቤት ልቅሶ የሚሄድ ጎደሬ ነው። ልጠው ሲጨርሱ እጃቸውን ታጠቡ፤ ሌላ አሳማ ከግልገልነት ተነሥቶ ለድግስ እስኪደርስ ድረስ እንግዲህ እሳቸው ጎደሬ አይቀምሱም።

«መርፌ የለም፣ ጀልባ የለም» አልኳቸው። «ሲስተር ዶርካስ ብትመጣም ባዶ እጇን ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ባዶ ይሁን። የታሰረ ግን አይሁን።»

እማማ ሩፊና የወንድማቸውን አሳማ፣ በበደሏቸው ሰዎች ስም፣ ከራሳቸው ለራሳቸው ካሣ አድርገው ሊቀበሉ የወሰኑት በዚህ ሳምንት ረቡዕ ዕለት ነው። ሐሙስ አመሻሹ ላይ፣ ዶርካስ ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ እንድትጠብቅ ወደ ሲላሌ ላኩባት፤ ከዚያም ወደ ጓሮ ዞረው ለአሳማው ከወትሮው አብልጠው ስኳር ድንች አቀረቡለት።